ከጮቄ ግርጌ እርከን ሲሠራ፦ ከካቡ በፊት የውኃው መውጫ

የጮቄ አናት ከ4,000 ሜትር ያልፋል፤ ከሥር ያለው የዓባይ በረሃ ደግሞ ወደ 1,000 ሜትር ግድም ይወርዳል። ምሥራቅ ጎጃም በአብዛኛው በእነዚህ በሁለቱ መካከል የተዘረጋ ቁልቁለት ነው። ከላይ ጅብራና ጓሳ ያለበት ውርጭ፣ ቀጥሎ ገብስ፣ እንግዶ (አጃ) እና ድንች የሚበቅልበት ደጋ፣ ከዚያ ጤፍ፣ ስንዴና በቆሎ የሚሸከመው ወይና ደጋ፣ ከታች የማሽላው ቆላ። ጨሞጋ፣ ሙጋ፣ ሱሃና ተምጫ ከዚሁ ተራራ ይነሣሉ። ሐምሌ ላይ ድልድዮቻቸው ላይ ቆሞ ቁልቁል ያየ ሰው ውኃው ለምን እንደቀላ አይጠይቅም፤ የስናን፣ የቢቡኝና የማቻከል ማሳ ነው የሚወርደው።

እዚህ የምንናገረው ከ2,300 እስከ 3,000 ሜትር ባለው ደጋ፣ ቀይ አፈር ያለበት፣ ከ5 እስከ 20 በመቶ ያዘነበለ ማሳ ስላለው ገበሬና አብሮት ስለሚሠራው የቀበሌ የግብርና ባለሙያ ነው። በዚህ አገር የእርከን ጣጣ የሚመጣው ከውኃ መብዛት ነው። ደምበጫ አካባቢ ያለው የአንጀኒ የአፈር ጥበቃ ምርምር ጣቢያ ዓመታዊ ዝናቡ ከ1,500 ሚሊ ሜትር በላይ ነው፤ አብዛኛውም ከሰኔ እስከ መስከረም ይወርዳል። ዝናብ በሚያጥርበት አገር እርከን የሚሠራው ውኃ እንዲያቁር፣ ጠብታም እንዳያመልጥ ነው። ያንኑ ንድፍ እንዳለ አምጥቶ ስናን ላይ የሠራ ሰው ነሐሴ ላይ ገብሱ ከካቡ፣ ማለትም ከተከመረው የአፈር ግድብ፣ በላይ ባለው ንጣፍ ቢጫ ሆኖ ያገኘዋል። ገበሬው በዘመቻ የተሠራውን እርከን በዓመቱ ሲያፈርስ «አልገባው ብሎ ነው» ይባላል፤ ብዙ ጊዜ ግን በደንብ ገብቶት ነው።

በስልክ የሚዘዋወረው የሂማላያ ግርጌ የእርከን ፎቶም ያማልላል። የኔፓል ኮረብታዎች ግን ሁለት ዓይነት እርከን ነው ያላቸው። «ኬት» የሚሉት ለሩዝ ውኃ የሚያቁር፣ ጠፍጣፋና ዙሪያው የተከፈፈ ነው። «ባሪ» የሚሉት በዝናብ ብቻ የሚታረስ፣ ብዙ ጊዜ ፊቱ ወደ ቁልቁለቱ ዘንበል ያለ፣ በቆሎና ዳጉሳ የሚዘራበት ነው። ፎቶው ላይ የሚያብረቀርቀው የመጀመሪያው ነው። ገብስና ባቄላ እግራቸው ውኃ ውስጥ መቆም ስለማይወዱ ለእኛ የሚቀርበው ሁለተኛው ነው።

ከዶማ በፊት፦ በዝናብ መዞር

እርከን የሚቆፈረው ከጥር እስከ መጋቢት ቢሆንም ሥራው የሚጀምረው ባለፈው ሐምሌ ነው። ከባድ ዝናብ ሲጥል ካባ ደርቦ ማሳውን መዞር ነው፤ ግማሽ ሰዓት ይበቃል። የሚታየው ሦስት ነገር ነው፤ ከላይ ከማን ማሳ ወይም ከየትኛው የእግር መንገድ ጎርፍ እንደሚገባ፣ ማሳው ውስጥ የት እንደሚሰበሰብ፣ በየት በኩል እንደሚወጣ። ሦስቱም ቦታ ላይ ችካል ይተከላል። ጥር ላይ መሬቱ ደርቆ ሁሉም ነገር አንድ ዓይነት ስለሚመስል በትዝታ የሚሠራ ሰው ይሳሳታል።

ፈሰሱንም ልብ ማለት ያስፈልጋል። ገበሬው ከዘራ በኋላ በማረሻ አግድም የሚያወጣው ፈሰስ ትርፍ ውኃን ከሰብሉ ያስወጣል፤ ጥሩ ብልሃት ነው። ነገር ግን በጣም ቁልቁል ከተሳበ ራሱ ይቦረቡራል፤ በየዓመቱ እዚያው ቦታ ላይ ከወጣ ደግሞ የቦረቦር፣ ማለትም ጎርፍ የሚቆፍረው ገደል፣ መነሻ ይሆናል። ዛሬ በሬ የማያሻግሩ ብዙ ቦረቦሮች ትናንት ፈሰስ ነበሩ። እርከን ከተሠራ በኋላ የሚወጣ ፈሰስ ወደ ዋናው ማስወገጃ ቦይ እንጂ ወደ ካቡ መተንፈስ የለበትም።

ቀጥሎ ሽምግልናው ነው። የእርስዎ ማሳ ያስወጣው ውኃ የሚያርፈው የሰው ማሳ ላይ ነው። የታችኛው ባለይዞታ ሳይስማማ የተቆፈረ ቦይ ክረምት ላይ በአንድ ሌሊት ይደፈናል፤ ከዚያ በኋላ ያለው የቀበሌ ጣጣ ነው። ከላይ እስከ ታች የአንድ ጎጥ ማሳዎች ወደ አንድ የጋራ መውረጃ እንዲተነፍሱ መስማማት፣ መውረጃውም በተቻለ መጠን ድሮ ውኃ ይወርድበት የነበረው ሣራማ ጎድጓዳ እንዲሆን ማድረግ የሥራው ግማሽ ነው።

የጎርፍ ማስወገጃው

ማስወገጃው፣ ማለትም ያ የጋራ መውረጃ፣ ከእርከኑ አንድ ክረምት ቀድሞ ይሠራል። ትዕግሥት የሚያልቅበት እዚህ ላይ ነው፤ ሁሉም በአንድ ጥር እንዲያልቅ ይፈለጋል። ገና ሣር ያልያዘ ቦይ ላይ የአሥር እርከን ውኃ ከለቀቁበት ግን በአንድ ሐምሌ ቦረቦር ይሆናል።

ቅርጹ እንደ ሳህን ዝርግ ይሁን፤ ለአንድ ጎጥ ትንሽ ተፋሰስ 2 ሜትር ስፋትና 30 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ጥሩ መነሻ ነው። ጠባብና ጥልቅ ቦይ ውኃውን ያፈጥነዋል፣ የፈጠነ ውኃ ደግሞ ይቆፍራል። በሰኔ መጀመሪያ ሰርዶ ከነሥሩ ተነቅሎ በመደዳ ይተከልበታል። ቁልቁለቱ ከ15 በመቶ በላይ በሆነበት ሣር ብቻውን ስለማይችል ወለሉ በድንጋይ ይነጠፋል፤ በየመሐሉም ውኃው እንደ ደረጃ እየዘለለ የሚወርድበት የድንጋይ እርምጃ ይሠራል። ከማሳው በላይ ሰፊ ገላጣ ወይም የግጦሽ ቦታ ካለ የመጀመሪያው ሥራ ያንን ጎርፍ ማሳው ሳይገባ ወደ መውረጃው የሚመልስ የመቀልበሻ ቦይ ነው።

ልኬቱ

ሁለት ቀጥ ያሉ የ2 ሜትር እንጨቶች፣ 10 ሜትር ሲባጎ፣ አንድ ትንሽ በገመድ ላይ የሚንጠለጠል የውኃ ልክ፣ ሜትር፣ መቶ ያህል ችካል። ሲባጎው የማይለጠጥ ይሁን፤ የናይሎን ሲባጎ ፀሐይ ሲመታው ይላላል፣ ልኩም ይዋሻል። የውኃ ልኩ በትክክል መሐል፣ 5 ሜትር ላይ ይንጠለጠላል። ሥራ ከመጀመሩ በፊት ይፈተሻል፦ ሁለቱን እንጨቶች አቁሞ አረፋው መሐል እስኪሆን ማስተካከል፣ ከዚያ እንጨቶቹን ሳይነኩ የውኃ ልኩን ብቻ አዙሮ መስቀል። አረፋው መሐል ላይ ካልቆመ ልኩ የተበላሸ ነው። አንድ ሰው በየእንጨቱ፣ አንድ ሰው አረፋው ዘንድ፤ ሦስት ሰው ይበቃል። ነፋስ ሲነሣ ሲባጎው ስለሚወዛወዝ ጧት ቢለካ ይሻላል።

መጀመሪያ ተዳፋቱ ይለካል። ሲባጎው በላይኛው እንጨት ሥር መሬት ላይ ይያዝና አረፋው መሐል እስኪሆን ድረስ በታችኛው እንጨት ላይ ከፍ ይደረጋል፤ በዚያ እንጨት ላይ ሲባጎው ከመሬት ያለው ከፍታ 1 ሜትር ከ20 ከሆነ ማሳው በ10 ሜትር 1.2 ሜትር ይወርዳል፣ ማለትም 12 በመቶ ነው። ቁልቁለቱ በሚለዋወጥበት ሁሉ እንደገና ይለካል።

የእርከኖቹ ርቀት የሚወጣው በሁለት እርከኖች መካከል ከሚፈቀደው የከፍታ ልዩነት ነው። በዚህ ዓይነት ተዳፋት 1.5 ሜትር ይያዛል። 1.5 ለ0.12 ሲካፈል 12.5 ሜትር። በ8 በመቶ 19 ሜትር ግድም፣ በ20 በመቶ 7.5 ሜትር ይሆናል። ጥማድ በሬ ከነሞፈሩ ለመዞር ቦታ ይፈልጋል፤ ከ8 ሜትር በታች ያለ እርከን ላይ አራሹ በየዙሩ የካቡን እግር እየላጨ ያልፋል። እንዲህ ያለውን ዳገት ለሣር ወይም ለዛፍ መተው ይሻላል፤ ወረቀት ላይ የሚቻለው ሁሉ በሬ ላይ አይቻልም።

አሁን መስመሩ። ከካቡ በላይ የሚቆፈረው የእርከኑ ቦይ ውኃውን ቀስ አድርጎ ወደ መውረጃው እንዲወስድ ግማሽ በመቶ፣ ማለትም በየ10 ሜትሩ 5 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ይላል። ለዚህም ሲባጎው በመውረጃው በኩል በሚሆነው እንጨት ላይ 1.55 ሜትር፣ በሌላው ላይ 1.50 ሜትር ላይ ይታሰራል። ምልክቱ ከመውረጃው ይጀምራል፦ የ1.55ቱ እንጨት መውረጃው አፍ ላይ ይቆማል፣ የ1.50ው ያዥ 10 ሜትር ርቆ አረፋው መሐል እስኪሆን ወደ ላይና ወደ ታች ይፈልጋል፣ ያገኘበት ላይ ችካል ይመታል። ከዚያ የ1.55ቱ ወደዚያ ችካል ይመጣል፣ ሌላው ወደፊት ይሄዳል። ሁለቱ ያዦች ቦታ ከተለዋወጡ ቦዩ ወደ ኋላ ይፈሳል፤ ይህ ደግሞ በዓይን አይታይም፣ የሚታወቀው ሰኔ ላይ ነው። ስለዚህ በአንዱ እንጨት ላይ ቀይ ጨርቅ ማሰር አይናቅ። ከመውረጃው 80 ሜትር የራቀ መስመር ሌላ መውረጃ ይፈልጋል፤ ካልሆነ ጫፉ ላይ የሚደርሰው ውኃ ከቦዩ አቅም በላይ ይሆናል።

ችካሎቹ ተመትተው ሲያልቁ መስመሩ እንደ እባብ ይጠማዘዛል። አንድ ችካል ብቻውን ወጣ ካለ ትንሽ ማረቅ ይቻላል። ማሳው እንዲያምር ብሎ መስመሩን ማቅናት ግን ጎድጓዳው ላይ ውኃ እንዲጠራቀም ማድረግ ነው፤ ካቡም የሚሰበረው እዚያው ነው።

ቁፋሮው

ከቦዩ 70 ሳንቲ ሜትር ስፋትና 60 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ይወጣል። አፈሩ ወደ ታች ይጣላል። በቦዩና በካቡ መካከል 25 ሳንቲ ሜትር መርገጫ ይተዋል፤ ያለእሱ ካቡ ተመልሶ ቦዩ ውስጥ ይናዳል። የካቡ ወርድ ከሥሩ 1.1 ሜትር፣ ከአናቱ 30 ሳንቲ ሜትር፣ ቁመቱ ተረግጦ 60 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። «ተረግጦ» የሚለውን ይያዙልኝ። አፈሩ 15 ሳንቲ ሜትር በሞላ ቁጥር በእግር ወይም በግንድ ይረገጣል፤ በአንዴ ተከምሮ አናቱ ብቻ የተመታ ካብ ውስጡ ባዶ ነው፣ በመጀመሪያው ከባድ ዝናብ ይሟሽሻል። አናቱ በየ10 ሜትሩ እንደገና በውኃ ልክ ይታያል፤ 10 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ያለ አንድ ቦታ የመላው መስመር በር ነው።

ሌላው መንገድ ፋንያ ጁ ነው፤ አፈሩ ወደ ላይ ይጣልና ቦዩ ከካቡ በታች ይሆናል። አንጀኒ ላይ ከ1978 ዓ.ም. ጀምሮ የተሠሩት ፋንያ ጁዎች በዓመታት ውስጥ ደለል እየያዙ ማሳውን ወደ ደረጃ መሬት ቀይረውታል። መሬቱን ቶሎ ያስተካክላል፤ ነገር ግን አፈር ሽቅብ መወርወር ወገብ ይጠይቃል፤ ውኃው አናቱን ካለፈም በቀጥታ ቦዩ ውስጥ ይወድቅና የካቡን እግር ይበላል። የለመደ ቡድን ከሌለ በተራው የአፈር እርከን መጀመር ይሻላል።

የጉልበቱ ሒሳብ እንዲህ ነው። በአገራችን የሥራ መለኪያ 1 ኪሎ ሜትር የአፈር እርከን 150 የሰው ቀን፣ ፋንያ ጁ 200፣ የድንጋይ እርከን 250 ይፈጃል። አንድ ቃዳ፣ 50 በ50 ሜትር ቢሆንና ተዳፋቱ 12 በመቶ ቢሆን አራት መስመር፣ 200 ሜትር ይወጣዋል፤ 30 የሰው ቀን። የ15 ሰው ደቦ በሁለት ቀን ይጨርሰዋል። ወንፈል ከሆነ ዕዳው በቀን በቀኑ ይመለሳል፤ እርከን ግን ከእርሻ ስለሚከብድ የቁፋሮን ቀን በአረም ቀን መመለስ ቅሬታ ያመጣል። በወሩ ውስጥ ዶማ የማይነሣባቸውን በዓላትም አስቀድሞ መቁጠር ነው፤ አንድ ወር ያህል ይበቃል የተባለ ሥራ ፋሲካን የሚሻገረው በዚህ ነው።

የሚወስደውንም መሬት አለመደበቅ ነው። ቦዩ፣ መርገጫውና ካቡ አንድ ላይ 2 ሜትር ግድም ናቸው። በዚያች ቃዳ ላይ 410 ካሬ ሜትር፣ ከመሬቱ 16 በመቶ። በሩብ ሄክታር የሚኖር ቤተሰብ ይህን በነፃ አይሰጥም። ስለዚህ ካቡ ራሱ መኖ ማምረት አለበት።

ካቡን ማልበስ

በመጀመሪያው ሰኔ፣ አፈሩ ሲርስ፣ ይተከላል። ለዚህ ከፍታ ትሪሉሰርን የሚባለው የመኖ ዛፍ ተመራጭ ነው፤ ብርድ ይችላል፣ ለበግና ለላም መኖ ይሆናል፣ ንብም ይወደዋል። በየ50 ሳንቲ ሜትሩ አንድ ችግኝ፣ ከካቡ አናት ትንሽ ዝቅ ብሎ። ከሥሩ ደሾ ሣር በመደዳ። የዝሆን ሣርና ቬቲቨር ወደ ወይና ደጋው ጥሩ ናቸው፤ ደጋው ላይ ግን ብርዱ ያቀጭጫቸዋል። ባሕር ዛፍ በጭራሽ፤ የካቡን ሁለት ወገን ሰብል ያቀጭጫል፣ ከጎረቤትም ያጣላል።

ይህ ሁሉ የሚሆነው ከብት ካልገባ ነው። ከአጨዳ በኋላ ያለው ልቅ ግጦሽ ከጎርፍ ያላነሰ እርከን አፍራሽ ነው፤ ከብቱ ችግኙን ይቀነጥባል፣ ካቡንም በኮቴው ይንደዋል። ጎጡ ቢያንስ ለሁለት ዓመት በሕገ ደንብ ካልዘጋው ችግኝ መግዛት ብር መጣል ነው።

ተሠርቶ ካለቀ በኋላ የሚበላሸው

ከመጀመሪያው ከባድ የሰኔ ዝናብ በኋላ አካፋ ይዞ መዞር ግድ ነው። የተሰበረ ቦታ ሲገኝ ቀዳዳውን መድፈን አይበቃም፤ ለምን እዚያ ተሰበረ? አብዛኛውን ጊዜ ካቡ እዚያ ዝቅ ብሎ ነው፣ ወይ ከላይ ፈሰስ ተለቅቆበት ነው፣ ወይ ፍልፈል ቦርቡሮት ነው። የፍልፈል ጉድጓድ እስከ መጨረሻው ተከፍቶ፣ በእርጥብ አፈር እየተረገጠ ይሞላል፤ አፉን ብቻ የደፈነ ሰው በሳምንቱ ይመለስበታል።

ሰብሉ ከካቡ በላይ ቢጫ ከሆነ ቦዩ ተደፍኗል ወይም ዝቅታው ጠፍቷል። ደለሉ ከቦዩ ይወጣና ካቡ ላይ ይጨመራል። ከሁለትና ከሦስት ዓመት በኋላ ካቡ ከላይ በኩል በደለል ሲሞላ ቁመቱ ከታች በሚመጣ አፈር ይጨመራል።

ዋልካ ላይ ይህን ሁሉ አይሞክሩ። ደብረ ማርቆስና ቢቸና መካከል ባለው ጥቁር መሬት ካቡ በበጋ ይሰነጠቃል፣ የመጀመሪያው ዝናብ በስንጥቁ ገብቶ ያፈርሰዋል። ለዋልካ የሚሆነው 80 ሳንቲ ሜትር መደብና 40 ሳንቲ ሜትር ቦይ እያፈራረቁ ውኃውን ማጠንፈፍ ነው።

እርከኑ አፈሩን ይዞ ሰብሉ ግን ካልተሻሻለ የቀይ አፈር አሲድ ሊሆን ይችላል። ባቄላና ገብስ ሲቀጭጩ እንግዶና ድንች ደህና ከሆኑ ጥርጣሬው ይጠነክራል። አፈር አስመርምሮ በውጤቱ መሠረት ኖራ መጨመር ነው፤ ከዘር ቢያንስ አንድ ወር ቀድሞ ተበትኖ በማረሻ ይቀላቀላል። ከዩሪያ ጋር አንድ ላይ አይበተንም፤ ናይትሮጂኑ በንኖ ይጠፋል። ቁፋሮው የገለጠው ጥሬ አፈር ላይ የመጀመሪያውን ዓመት ግብጦ መዝራት የጎጃም ገበሬ የሚያውቀው ዘዴ ነው፤ አየር ላይ ያለውን ናይትሮጂን ወደ አፈሩ ያስገባል።

ቦረቦር ካለ

ማሳውን የሚበላ ቦረቦር ካለ ክትሩ፣ ማለትም ቦረቦሩን አቋርጦ ጎርፉን የሚገታው ግድብ፣ ከላይ ወደ ታች ይሠራል። ርቀቱ ቀላል ነው፦ የታችኛው ክትር አናት ከላይኛው እግር ጋር እኩል መሆን አለበት። ክትሩ 1 ሜትር ቢሆንና የቦረቦሩ ወለል 10 በመቶ ቢወርድ በየ10 ሜትሩ አንድ። ሁለቱ ጫፎች ቢያንስ 50 ሳንቲ ሜትር ወደ ግድግዳው ይገባሉ፣ መሐሉ ከጫፎቹ ዝቅ ይላል፣ ውኃው የሚወድቅበት ቦታ በድንጋይ ይነጠፋል። መሐሉ ከጫፎቹ እኩል ከሆነ ውኃው ጎን ለጎን ዞሮ ክትሩን ደሴት ያደርገዋል።

አንዳንዱ ቦረቦር ግን በክትር አይቆምም። ከባሕር ዳር ወደ አዴት በሚወስደው መንገድ ላይ ባለው በደብረ ማዊ የተደረገው ጥናት እንዳሳየው፣ ክረምት ሲገፋ የከርሰ ምድሩ ውኃ ከፍ ብሎ የቦረቦሩን ግድግዳ ከውስጥ ያረጥበዋል፤ ግድግዳውም በየቁራጩ ይወድቃል። መለያው ነሐሴ ላይ ዝናብ በሌለበት ቀን ግድግዳው ላይ ከታች ምንጭ መሰል እርጥበት መታየቱ ነው። እዚህ ቦታ ላይ ቀድሞ የሚሠራው ግድግዳውን ወደ 45 ዲግሪ አስተኝቶ፣ ከላዩ የሚመጣውን ውኃ ቀልብሶ፣ ሣርና ዛፍ መትከል ነው። ክትሩ ከዚያ በኋላ ይመጣል፤ ቀርከሃ ያለበት ደጋ ከሆነ ከአፉ ጀምሮ ቀርከሃ መትከልም ይቻላል፤ ሥሩ ዳሩን ይይዛል፣ በአራትና በአምስት ዓመቱም ለአጥርና ለቅርጫት ይቆረጣል።